የወረርሽኝን የአእምሮ ጤና ጫና በጅማ አዋቂዎች ላይ መለካት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለሚያጠኑ የማስተርስ ተማሪዎች፣ ለጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎችና ለመረጃ ሰብሳቢ አስተባባሪዎች ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከኮቪድ-19 የተወሰዱ ናቸው። አሠራሩ ግን ወደፊት ለሚመጣ ወረርሽኝም ያገለግላል፤ እንዲያውም ዋናው ሥራ መሠራት ያለበት ወረርሽኝ በሌለበት ጊዜ ነው።

በወረርሽኙ ወቅት አንድ ጊዜ መጠይቅ ካስሞላን ጉዳቱን ለካን ማለት ነው?

አይደለም። የለካችሁት በዚያ ሰሞን የነበረውን ሁኔታ እንጂ ወረርሽኙ የጨመረውን አይደለም። ከ100 ሰው 30ው ከመቁረጫ ነጥቡ (መጠይቁ «ችግሩ ሊኖርበት ይችላል» ብሎ ከሚለይበት ቁጥር) በላይ ቢያገኝ፣ ከ30ው ስንቱ ከወረርሽኙ በፊትም እንደዚያው እንደነበረ መጠይቁ አይነግራችሁም። በችኮላ ከተሠሩ ጥናቶች ብዙዎቹ የተሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ርእሳቸው «የኮቪድ ተጽዕኖ» ይላል፣ በውስጣቸው ግን የሚነጻጸር ነገር የለም።

ተጽዕኖ ለማለት ከሦስቱ አንዱ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውና ጠንካራው እነዚያኑ ሰዎች ከወረርሽኙ በፊትና በኋላ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ከዚያው ሕዝብ በየጊዜው አዲስ ናሙና እያወጡ በአንድ ዓይነት መጠይቅ መለካት ነው። ሦስተኛው በአንድ ዙር ውስጥ ብዙ የተጎዱትን ብዙም ካልተጎዱት ጋር ማነጻጸር ነው፦ ገቢው የተቋረጠበትን፣ ቤተሰብ የሞተበትን፣ ለይቶ ማቆያ የገባውን፣ ለቅሶ መድረስ ያልቻለውን። ሦስተኛው ደካማ ነው፤ ቀድሞም ድሃ የነበረው ሰው ገቢውንም ቶሎ ያጣል፣ ቀድሞም ይጨነቅ ነበር። ቢሆንም ምንም ንጽጽር ከሌለው ጥናት ይሻላል።

የቀን ጉዳይም አለ። አገራችን የመጀመሪያውን ታማሚ ያስታወቀችው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ትምህርት ቤት የተዘጋው መጋቢት 7፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው መጋቢት 30 ነው። በሰኔ መጨረሻ በኦሮሚያ ሁከት ተነሥቶ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ጥቅምት 25 ቀን 2013 የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ የኑሮ ውድነቱም አብሮ ይገፋ ነበር። በሚያዝያ 2012 የተጠየቀ ሰውና በኅዳር 2013 የተጠየቀ ሰው የሚያስጨንቃቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ በእያንዳንዱ መጠይቅ ላይ ትክክለኛው ቀን ይጻፍ፤ «2013 ዓ.ም.» ብቻ ብሎ ማለፍ መረጃውን ግማሽ ያደርገዋል።

መነሻ መረጃ ከሌለንስ?

መጀመሪያ በደንብ ፈልጉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጊልጌል ጊቤ የመስክ ጥናት ማዕከል በ1990ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመ ነው፤ ልደትን፣ ሞትንና የመኖሪያ ለውጥን በቋሚነት ይከታተላል። ሕዝቡ በዝርዝር ስለሚታወቅ ለዳግም ናሙና አመቺ ቦታ ነው። ቀደም ባሉ ዓመታት የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎችም አሉ። አንድን አሮጌ ጥናት መነሻ ከማድረጋችሁ በፊት ግን መጠይቁ፣ ቋንቋው፣ አጠያየቁ (ፊት ለፊት ወይስ በስልክ)፣ የዕድሜ ክልሉ፣ ቦታውና ወቅቱ ከእናንተው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ የተሠራን ጥናት መነሻ አድርጎ በቀበሌ ነዋሪዎች ላይ መለካት ጭንቀት የቀነሰ ያስመስላል፤ ታካሚ ከጤነኛ ነዋሪ ይልቅ ነጥቡ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነውና።

«ከኮሮና በፊት እንዴት ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ መነሻ አይሆንም። ዛሬ የከፋው ሰው ትናንትንም አጨልሞ ያስታውሳል፤ ወይም በተቃራኒው «ድሮ ደህና ነበርኩ» ይላል።

የትኛውን መጠይቅ እንምረጥ?

የምትለኩት ነገር ይወስነዋል። ለድብርት ፒኤችኪው-9 አለ፦ ዘጠኝ ጥያቄ፣ ያለፉት ሁለት ሳምንታት፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ ከ0 እስከ 27። ለጭንቀት ጋድ-7፦ ሰባት ጥያቄ፣ ያው ሁለት ሳምንት፣ ድምሩ እስከ 21። የዓለም ጤና ድርጅት ኤስአርኪው-20 ደግሞ ሃያ የአዎ/አይደለም ጥያቄ ነው፤ ያለፉትን 30 ቀናት ይጠይቃል፤ ራስ ምታትን፣ ጨጓራንና የእጅ መንቀጥቀጥን ስለሚያካትት ጭንቀታቸውን በአካል ሕመም የሚገልጹ ሰዎችን ይይዛል። ማንበብ የማይችል ሰውም በቀላሉ ይመልሰዋል። አይኢኤስ-አር 22 ጥያቄ ሆኖ ያለፉትን ሰባት ቀናት ይመለከታል፤ የሚለካውም ከአንድ የታወቀ አስደንጋጭ ክስተት በኋላ የሚመጣን መረበሽ ነው። ብዙ ሰው ይህን መጠይቅ ለጠቅላላው ሕዝብ ሲጠቀም ይታያል፤ ዘመዱ ያልሞተበትና ራሱም ያልታመመ ሰው ግን «ያ ክስተት» ሲባል ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። ክስተቱን በግልጽ ለይታችሁ ካልጠየቃችሁ ባትጠቀሙበት ይሻላል።

የእኛ ምክር፦ ፒኤችኪው-9፣ ጋድ-7 እና የዕለት ኑሮን የመምራት አቅም የሚለካው ባለ 12 ጥያቄው ዊዳስ ይበቃሉ። ሦስቱም ነጻ ናቸው። አራት አምስት መጠይቅ መደርደር ቃለ መጠይቁን ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬደዋል፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ መልሱ «የለም፣ የለም» ይሆናል። እንዲሁም የጊዜ ወሰኖቹን አታደባልቁ። ሰባት ቀን፣ ሁለት ሳምንትና አንድ ወር በአንድ ወረቀት ላይ ሲፈራረቁ ተጠያቂው ሁሉንም «ሰሞኑን» አድርጎ ይሰማዋል። ሁለቱን ሳምንት በሚያውቀው ነገር አስሩለት፦ «ካለፈው ሳምንት በፊት ካለው የሐሙስ ገበያ ወዲህ»።

መቁረጫ ነጥቡ 10 ነው ወይስ 5?

ፒኤችኪው-9 ሲዘጋጅ 5፣ 10፣ 15 እና 20 የቀላል፣ የመካከለኛ፣ የመካከለኛ ከባድና የከባድ ድብርት መነሻ ሆነው ተቀምጠዋል፤ ለምርመራ የሚጠቁመው 10 ነው። በአገራችን ግን ቁጥሩ እንደ ቦታው ተለያይቷል። በአዲስ አበባ 926 ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ በተሠራው ማረጋገጫ (መጠይቁን ከባለሙያ ምርመራ ጋር ያስተያየ ጥናት) 10 ተመርጧል። በሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች 5፣ በአፋን ኦሮሞ በነፍሰ ጡሮች ላይ በተሠራው ደግሞ 8 ተገኝቷል። ስለዚህ የትኛውን እንደመረጣችሁና ለምን እንደመረጣችሁት አስቀድማችሁ በጥናቱ ዕቅድ ላይ ጻፉ። ውጤት ካዩ በኋላ መምረጥ ነውር ነው። ሌሎች እንዲያነጻጽሩም አማካዩንና የነጥቡን ሥርጭት ጨምራችሁ አቅርቡ።

ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። የአዲስ አበባው ማረጋገጫ በ10 ላይ፣ ድብርት ካለባቸው 86 በመቶውን ይይዛል፤ ከሌለባቸው ደግሞ 67 በመቶውን «የለበትም» ብሎ ይለያል። ማለት ድብርት ጨርሶ በሌለበት ሰፈር እንኳ 33 በመቶው «አለበት» ይባላል። ማስተካከያው እንዲህ ነው፦ ከተገኘው መቶኛ ላይ 33 ቀንሱ፣ የቀረውን ለ0.53 አካፍሉ (0.53 የሚመጣው 0.86 እና 0.67 ተደምረው 1 ሲቀነስላቸው ነው)። በመጠይቁ 40 በመቶ ካገኛችሁ እውነተኛው ወደ 13 በመቶ ይጠጋል። በሁለተኛው ዙር 45 ካገኛችሁ ወደ 23 ይጠጋል። ላይ ላዩን ሲታይ አምስት ነጥብ የጨመረው በእርግጥ ወደ ዘጠኝ ነጥብ ተኩል ገደማ ነው። የስሕተት ወሰኑም አብሮ ይሰፋል፤ ±5 የነበረው ከ±9 በላይ ይሆናል። ለጤና ጽሕፈት ቤት የአልጋና የባለሙያ ዕቅድ የምታቀርቡ ከሆነ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አሳዩ። «ከአሥሩ አራቱ ድብርት አለበት» የሚል ዜና ሕዝብ ያስደነግጣል፤ እውነትም አይደለም። መጠይቅ ያጣራል እንጂ ምርመራ አያደርግም።

የአማርኛ ትርጉም ብቻ ይበቃል?

ጅማ ላይ አይበቃም። በከተማው መካከል አማርኛ ይሠራል፤ ወደ ጅሬን፣ ወደ ቦሳ ቂጦ ወይም ከከተማው ወጣ ስትሉ ግን ብዙ ሰው ስሜቱን በደንብ የሚገልጸው በአፋን ኦሮሞ ነው። ዳውሮኛ፣ ከፍኛና የምኛ የሚናገሩም አሉ። ሁለቱን ዋና ቋንቋዎች በወረቀት አዘጋጁ። መረጃ ሰብሳቢው በቃሉ እየተረጎመ እንዳይጠይቅ ከልክሉ፤ አሥር ሰብሳቢ ካለ አሥር መጠይቅ ይሆንባችኋል።

አሠራሩ የታወቀ ነው፦ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተረጉሙታል፤ ይታረቃል፤ ዋናውን ያላየ ሦስተኛ ሰው ወደ መነሻው ይመልሰዋል፤ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ያለበት ኮሚቴ ያየዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ከዚህ በኋላ ያለው ደረጃ ነው። በየቋንቋው ከስድስት እስከ ስምንት ሰው አስቀምጣችሁ፣ ጥያቄውን ካነበባችሁላቸው በኋላ «ይህ ጥያቄ ምን ይጠይቃል? በራስዎ አባባል ይንገሩኝ» በሉ። የተማረም ያልተማረም፣ ወንድም ሴትም ይኑርባቸው። አልፋ የሚባለው የውስጥ ወጥነት መለኪያ 0.8 ወጣ ማለት ትርጉሙ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ዘጠኙም ጥያቄ በአንድ ዓይነት ስሕተት ቢተረጎም አልፋው ያምራል።

ጾም፣ ጫትና የቡና ለቀማ ውጤቱን ያዛባሉ?

አዎ፣ ያውም በእጅጉ። ፒኤችኪው-9 እንቅልፍን፣ ድካምንና የምግብ ፍላጎትን ይጠይቃል። ኮቪድ የገባው በዐቢይ ጾም መካከል ነበር፤ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዋለ፤ ረመዳን በዚያው ወር 16 ቀን ገባ። ያኔ ጅማ ላይ ጥናት የሠራ ሰው የጿሚን እንቅልፍና ምግብ ነው የለካው፤ ቁርጡን ለማወቅ «በጾም ምክንያት ነው ወይስ ጾም ባይኖርም?» የሚል ተከታይ ጥያቄ ያስፈልገዋል። ሁለት ዙር ካላችሁ ሁለቱንም ከጾም ውጭ፣ ካልሆነም ሁለቱንም በአንድ ጾም ውስጥ አድርጉ።

ጫትን በደንብ ጠይቁ፦ ባለፉት 30 ቀናት ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ መጨረሻ የቃሙት መቼ ነው። ከሰዓት በኋላ በምርቃና ላይ ያለን ሰውና በነጋታው ጠዋት ያንኑ ሰው ብትጠይቁ መልሱ ይለያያል። እንቅልፍ ማጣቱ ከጫቱ ይሁን ከጭንቀቱ ለመለየት የቃለ መጠይቁን ሰዓት መዝግቡ፤ የሚቻል ከሆነም ጠዋት ጠይቁ። ለአልኮል ኦዲት የሚባል ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ አለ።

ቡናው ደግሞ ገቢን ይለውጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የለቀማ ወቅት እጅ ላይ ገንዘብ አለ፤ ክረምት ላይ ይነጥፋል። በነሐሴ የተሠራን ዙር ከታኅሣሥ ጋር ያነጻጸረ ሰው የወረርሽኙን ሳይሆን የቡናውን ወቅት ሊለካ ይችላል።

ስንት ሰው ያስፈልጋል?

ድርሻውን ሳታውቁ 50 በመቶ ብላችሁ፣ በ5 በመቶ የስሕተት ወሰንና በ95 በመቶ እርግጠኝነት ስታሰሉ 384 ይወጣል። ብዙ ጽሑፍ እዚህ ቆሞ 10 በመቶ ጨምሮ 422 ይላል። ቀበሌ መርጣችሁ ከየቀበሌው ስትጠይቁ ግን የአንድ ሰፈር ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ናሙናው መጨመር አለበት። ከየጎጡ 11 ሰው ብትወስዱና የመመሳሰሉ መጠን 0.05 ቢሆን ማባዣው 1.5 ነው፦ ከ11 ላይ 1 ቀንሱ፣ በ0.05 አባዙ፣ 1 ደምሩ። ከየጎጡ 20 ብትወስዱ 1.95 ይሆናል። በ1.5 ሲባዛ 576፣ ከአሥሩ አንዱ አይመልስም ብላችሁ ለ0.9 ስታካፍሉ 640። ብዙ ጎጥ በትንሽ በትንሹ መውሰድ ጥቂት ጎጥ በብዛት ከመውሰድ ይሻላል፤ የትራንስፖርቱ ወጪ ግን ይጨምራል።

ይህ ስሌት አንድን መቶኛ ለመገመት ነው። ለውጥ ለመለካት ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው፤ 30 በመቶ ከነበረው ወደ 35 መድረሱን በሁለት የተለያዩ ናሙናዎች ለማሳየት በእያንዳንዱ ዙር ከ1,300 በላይ ሰው ያስፈልጋል፣ ያውም ማባዣው ሳይጨመር። አቅም ከሌለ ያንኑ ሰው ደግሞ መጠየቅ ይቀላል።

ከቤት ውስጥ ማንን እንደምትጠይቁ በዕጣ ይወሰን። በር የከፈተውን መጠየቅ ናሙናውን በሴቶችና ሥራ በሌላቸው ይሞላዋል። ዕጣ የደረሰው ከሌለ ሦስት ጊዜ ተመለሱ፣ አንዱ ከ12 ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ይሁን። ዓርብ ቀትር፣ እሑድ ጠዋትና ሐሙስ ገበያ ላይ ሰው አታገኙም። በትንተናም ጊዜ በቤቱ ባሉት አዋቂዎች ቁጥር መመዘንን አትርሱ፤ አምስት አዋቂ ካለበት ቤት የወጣ ሰው ዕድሉ አንድ አምስተኛ ነበር። ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎችና የቀን ሠራተኞች በቀበሌ መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ የሉም፤ ቤት ለቤት አዲስ ዝርዝር ሥሩ።

በስልክ ብንጠይቅስ?

እንቅስቃሴ ሲገደብ ሌላ መንገድ ላይኖር ይችላል። የዓለም ባንክም ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ በአገራችን በስልክ ነው የጠየቀው። ጉድለቱ ስልክ የሌለው፣ ኔትወርክ የማይደርሰውና ስልኩ በባሏ እጅ ያለባት ሴት መቅረታቸው ነው፤ እነዚህ ብዙውን ጊዜ ይበልጥ የሚቸገሩት ናቸው። የመጀመሪያው ዙር ፊት ለፊት ሆኖ ሁለተኛው በስልክ ከሆነ ነጥቡ በአጠያየቁ ብቻ ሊቀየር ይችላል። በስልክ ስትጠይቁ «አሁን ብቻዎን ነዎት?» ብላችሁ ጀምሩ፤ ካልሆነ ቀጠሮ ያዙ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚበተን መጠይቅ ግን የሞላውን ሰው እንጂ የጅማን ሕዝብ አይወክልም።

መረጃ ሰብሳቢ ማን ይሁን?

ከሰፈሩ ያልሆነ፣ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ፣ ቢቻል ነርስ። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤቶቹን ታሳይ እንጂ አትጠይቅ፤ ነገ ውኃ ስትቀዳ ለምታገኛት ሰው «መሞት ይሻለኛል» የምትል እናት የለችም። ሦስት ቀን ሥልጠና፣ አንደኛው ቀን ሙሉ ለሙሉ እርስ በርስ ልምምድ። በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ቃለ መጠይቅ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ያመጣ ሰብሳቢ ይጣራ።

ተጠያቂው ራሱን ስለማጥፋት ቢነግረን?

የፒኤችኪው-9 ዘጠነኛው ጥያቄ ይህንኑ ነው የሚጠይቀው፤ ከ0 በላይ የሆነ ማንኛውም መልስ ድምሩ 3 ቢሆንም እንኳ ወዲያው ይታያል። ማታ ኮምፒውተር ላይ ሲገባ ሳይሆን እዚያው ቤት ውስጥ። ሰብሳቢው በተረጋጋ ድምፅ ይቀጥላል፦ አሳቡ ዛሬም አለ? ዘዴ አስበዋል? መሣሪያው ወይም መርዙ በእጅዎ አለ? ከዚህ በፊት ሞክረዋል? ዕቅድ ያለው ሰው ብቻውን አይተውም፤ ለአስተባባሪው ይደወላል፣ በተጠያቂው ፈቃድ የሚያምነው የቤተሰብ ሰው ይጠራል፣ በዚያው ቀን ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይወሰዳል። ገጠር ከሆነ በምግብ ማብሰያ ቤት የተቀመጠ የተባይ መድኃኒት ከቤት ይወጣ። ዕቅድ ከሌለው ደግሞ የሪፈር ወረቀት ይሰጠዋል፣ በሳምንት ውስጥም መሄዱ ይጠየቃል።

የመጓጓዣ ገንዘብ በጥናቱ በጀት ላይ ይያዝ። ሪፈር ጽፎ ሰውየው የባጃጅ ገንዘብ አጥቶ እንዲቀር ማድረግ ጥፋት ነው። ከክፍሉ ጋር አስቀድማችሁ በደብዳቤ ካልተስማማችሁ ዘጠነኛውን ጥያቄ አትጠይቁ፤ እንዲያውም ጥናቱን አትጀምሩ። ስለ ራስ ማጥፋት መጠየቅ አሳቡን አይተክልም፤ ጥያቄውን ከመጠይቁ ማውጣት የሰብሳቢን ፍርሃት ያቀላል እንጂ ሰውየውን አይጠቅምም።

ኮቪድ የያዘው ሰው ድካሙ ከድብርት ነው ወይስ ከበሽታው?

በነጥቡ ብቻ አይለይም። የአካል ምልክቶቹን (እንቅልፍ፣ ድካም፣ ምግብ፣ የእንቅስቃሴ መዘግየት ወይም መቁነጥነጥ) ከስሜት ምልክቶቹ (ደስታ ማጣት፣ መከፋት፣ ራስን መውቀስ) ለይታችሁ አማካያቸውን አሳዩ። ታምሞ በዳነው ሰው ላይ የጨመረው የአካሉ ብቻ ከሆነ ስለ ድብርት ከመናገራችሁ በፊት አስቡበት።

በሁለተኛው ዙር ሰው ሲጎድልብን፣ መልስም ሲዘለል?

የጎደሉት እነማን እንደሆኑ በመጀመሪያው ዙር ነጥባቸው አሳዩ። በጣም የከፋቸው ከተማ ለቀው ወይም ለመመለስ እምቢ ብለው ከሆነ የቀሩት ነጥብ ስለወረደ «ተሻሻለ» ማለት ስሕተት ነው። ከፒኤችኪው-9 አንድ ወይም ሁለት መልስ ከጎደለ በቀሩት አማካይ ሙሉት፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ከጎደለ ድምር አትሥሩለት። ለአንድ ሰው የአምስት ነጥብ ለውጥ በሕክምና ዓይን ትርጉም ያለው ተብሎ ይወሰዳል። በመጀመሪያው ዙር ከፍተኛ ነጥብ ያገኙትን ብቻ መርጣችሁ ብትከታተሉ ምንም ሳይደረግም ነጥባቸው ይወርዳል።

«2.25 እጥፍ» ብለን መጻፍ እንችላለን?

ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የተባለው የትንተና ስሌት የሚሰጠው የዕድል ጥምርታ ነው (በየቡድኑ ችግሩ ያለባቸው ሰዎች ለሌለባቸው ተካፍለው የሁለቱ ቡድን ውጤት ሲነጻጸር)፤ ችግሩ በብዛት ሲታይ ከእጥፍ ይርቃል። ሥራ ካጡት 60 በመቶው፣ ካላጡት 40 በመቶው ከነጥቡ በላይ ከሆነ ጥምርታው 2.25 ይወጣል፤ እውነተኛው ግን 1.5 እጥፍ ነው። መቶኛዎቹን ራሳቸውን ጻፉ፤ የቀበሌ አስተዳዳሪም የዕድር ዳኛም ይረዳቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት «25 በመቶ ጨመረ» ያለውን ለጅማ መጠቀም ይቻላል?

አይቻልም። ያ ቁጥር በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት በዓለም ደረጃ ለድብርትና ለጭንቀት የተሰላ ግምት ነው፤ ከአፍሪካ የገባበት መረጃም ጥቂት ነበር። በመግቢያ ላይ ጥቀሱት፣ ለናሙና ስሌትም ሆነ ለድምዳሜ አታድርጉት።